ወደ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝነት በየት በኩል መግባት ይሻላል?

በአሜሪካው ከፍተኛ ሊግ በኤንቢኤ ያለው የዋና አሰልጣኝ ወንበር 30 ብቻ ነው። ብዙ ወጣቶች አሰልጣኝነትን ሲያስቡ በዓይናቸው የሚመጣው ይኸው ወንበር ነው። ሙያው ግን ከዚያ በጣም ይሰፋል። ከኤንቢኤ ሥር ጂ ሊግ አለ። የሴቶቹ ደብሊውኤንቢኤ አለ። በአሜሪካ ኮሌጆች የመጀመሪያው እርከን ላይ ብቻ ከ350 በላይ የወንዶች ቡድኖች ይጫወታሉ። አውሮፓ በየአገሩ ሊግ አለው። አፍሪካም ከ2021 ጀምሮ የራሷ የክለቦች ሊግ አላት።

በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች በአሰልጣኝነት ደመወዝ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። አገባባቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ መጫወት ባቆመ ማግስት ቡድን ተሰጠው። ሌላው ዓመታት ሙሉ ቪዲዮ ሲቆርጥ ቆይቶ ነው የተነሳው። አንዱ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ሲሸነፍ ሙያውን ተማረ። ሌላዋ ከአገር አገር ተሻግራ የማንም ዓይን ያላረፈበት ብሔራዊ ቡድን ያዘች።

መንገዶቹን ሳነጻጽር ሦስት ነገር እመለከታለሁ። የራስን ቡድን ለመምራት ስንት ዓመት ይወስዳል? እስከዚያ ድረስስ በምን ይኖራል? ሥራውን የምትማሩትስ ከማን ነው? ከሦስቱ አብልጬ የምመዝነው የመጀመሪያውን ነው። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ታይም አውት አሁን ይጠራ ወይስ ይቆይ የሚለውን መወሰን ከጎን ተቀምጦ በማየት አይለመድም። ረዳት አሰልጣኝ ሐሳብ ይሰጣል። ሽንፈቱ የሚጻፈው ግን በዋናው ስም ነው። ያንን ሸክም ቶሎ የቀመሰ ሰው ቶሎ ይበስላል ብዬ አምናለሁ። የምሰጠውን ሚዛን ከዚህ አንጻር አንብቡት።

ከሜዳ በቀጥታ

አጭሩ መንገድ ይህ ነው። ለጥቂቶች ብቻ የተከፈተውም ይኸው ነው። ጄሰን ኪድ በ2013 ሰኔ ላይ መጫወት አቆመ፤ ወሩ ሳያልቅ የብሩክሊን ኔትስ ዋና አሰልጣኝ ተባለ። ዴሪክ ፊሸርም በ2014 ከተጫዋችነት ወደ ኒውዮርክ ኒክስ አሰልጣኝነት ተሻገረ፤ በ2016 የካቲት ተሰናበተ። ስቲቭ ናሽ በ2020 ኔትስን ያዘ፤ በ2022 መገባደጃ ተለያዩ። ጄጄ ሬዲክ በ2024 ሌከርስን ሲረከብ በኤንቢኤ ምንም የአሰልጣኝነት ልምድ አልነበረውም።

የስቲቭ ከር ታሪክ ከእነዚህ ለየት ይላል። በተጫዋችነት አምስት ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው። ከዚያ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ። የፊኒክስ ሰንስ ዋና ሥራ አስኪያጅም ነበር። በ2014 ጎልደን ስቴትን ሲረከብ አሰልጥኖ አያውቅም። ሆኖም ክፍተቱን ስለሚያውቅ በሙያው የከረሙትን አልቪን ጀንትሪንና ሮን አዳምስን ከጎኑ አስቀመጠ። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2015፣ ዋንጫውን ወሰደ። በ2017፣ በ2018 እና በ2022ም ደገመ።

ይህን መንገድ ቁጭ ብሎ መምረጥ አይቻልም፤ የሚመጣው ለተጠሩት ነው። እናንተ ግን አሁን በየትኛውም ደረጃ፣ በክለብም ይሁን በዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ እየተጫወታችሁ ከሆነ ከዶውን ስቴሊ አንድ ነገር ውሰዱ። ስቴሊ በ2000 የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ዋና አሰልጣኝ ስትሆን ገና በደብሊውኤንቢኤ ትጫወት ነበር። ኦሊምፒክም ከዚያ በኋላ ሄዳለች። ዛሬ በሳውዝ ካሮላይና ሦስት የአገር አቀፍ ዋንጫዎች አሏት፤ በ2024 የወሰደችው 38ቱንም ጨዋታ አሸንፋ፣ አንድም ሳትሸነፍ ነው። መጫወት እስኪያበቃ አልጠበቀችም። የታዳጊ ቡድን ለማሰልጠንም ቢሆን ጉልበታችሁ እስኪዝል መጠበቅ አያስፈልግም።

ከቪዲዮ ክፍል

ኤሪክ ስፖልስትራ በ1995 ማያሚ ሂት የገባው በቪዲዮ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት በጀርመን ሄርተን ከተማ በዝቅተኛ ሊግ እየተጫወተ ያሰለጥን ነበር። ማያሚ ውስጥ ከቪዲዮ ወደ ተጋጣሚ ጥናት፣ ከዚያ ወደ ረዳትነት ከፍ አለ። በ2008 የክለቡ አሰልጣኝና ፕሬዚዳንት የነበረው ፓት ራይሊ ወንበሩን አስረከበው። 13 ዓመት በአንድ ቤት፣ በአንድ አለቃ ሥር። በ2012 እና በ2013 ዋንጫ ወሰደ። በ2024 መጀመሪያ ላይ የተፈራረመው ውል ለ8 ዓመት 120 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተዘግቧል።

ብቻውን አይደለም። በ2020 ሌከርስን ሻምፒዮን ያደረገው ፍራንክ ቮገል በቦስተን የጀመረው በቪዲዮ ነው። በ2021 ከሚልዋኪ ጋር ያሸነፈው ማይክ ቡደንሆልዘርም ሳን አንቶኒዮ የገባው በዚሁ በኩል ነው።

ሥራው ምን ይመስላል? ጨዋታ አልቆ ሌላው ሰው ሲተኛ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ናችሁ። እያንዳንዱን ጥቃት እየቆረጣችሁ ስም ትሰጡታላችሁ። ይሄ ፒክ ኤንድ ሮል (አንዱ ተጫዋች ለጓደኛው ተከላካዩን አግዶ ወደ ቅርጫቱ የሚዞርበት ቅንጅት) ነው፣ ይሄ ፈጣን መልሶ ማጥቃት ነው፣ ይሄ ደግሞ ከጎን የተጣለ ኳስ ነው። ሲነርጂ እና ስፖርትስኮድ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ሥራውን ያቀሉታል። ዓይኑ ግን የእናንተ ነው። አሰልጣኙ ጠዋት መጥቶ "ይህ ልጅ በግራ እጁ ሲገባ ምን ያደርጋል?" ብሎ ሲጠይቅ 12 ቁርጥራጭ ይዛችሁ መገኘት አለባችሁ። በአንድ የኤንቢኤ የውድድር ዘመን 82 ጨዋታ አለ፤ አንዳንዴ በሁለት ተከታታይ ቀናት በሁለት ከተማ። ረዳት አሰልጣኞቹ ተጋጣሚዎችን ይከፋፈላሉ። ለሁሉም ጥሬውን የሚያቀርበው ግን ያው የቪዲዮ ክፍሉ ነው።

የዚህ መንገድ ጥንካሬ ትልቅ ተጫዋች መሆንን አለመጠየቁ ነው። ሌላው ጥቅሙ ጨዋታውን በብዛት ማየት ነው። አንድ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላው በአሥር ዓመት የማያየውን ጨዋታ ያያል። ተጫዋቾችም ቀስ በቀስ ይቀርቡታል። ከልምምድ በኋላ ኳስ የሚመልስላቸውና የትናንቱን ስህተታቸውን በስልክ የሚያሳያቸው እሱ ነዋ።

ድክመቱም ግልጽ ነው። መወሰን የለም። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ከተማው ውድ ነው። ሰውን ማዘዝና ማሳመን ሳይለምዱ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ስፖልስትራ 13 ዓመት የጠበቀው ራይሊን በመሰለ አለቃ ሥር ነው፤ አለቃው ደግሞ ከክለቡ አልተነሳም። አለቃችሁ ከተባረረ አዲሱ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል፤ እናንተም ዕቃችሁን ትሸክፋላችሁ። ስለዚህ ቪዲዮ ክፍል ስትገቡ ከክለቡ ስም ይልቅ የአለቃውን ዕድሜና ውል ተመልከቱ እላለሁ።

ከትምህርት ቤትና ከኮሌጅ

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን በጣም የቀረበው መንገድ ይህ ነውና።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሀይትስቪል ሜሪላንድ ውስጥ ዲማታ የሚባል የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። የእኛ ሰዎች በብዛት ከሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ሩቅ አይደለም። ሞርጋን ውተን የሚባል መምህር ከ1956 እስከ 2002 ቡድኑን አሰለጠነ። 1,274 ጨዋታ አሸነፈ። በ1965 ደግሞ 71 ተከታታይ ጨዋታ ያሸነፈውን የኒውዮርኩን የፓወር ሜሞሪያል ትምህርት ቤት ቡድን ረታ፤ የዚያ ቡድን ኮከብ በኋላ ካሪም አብዱል-ጃባር የተባለው ሉ አልሲንዶር ነበር። ውተን ከትምህርት ቤቱ ሳይወጣ በ2000 የቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። በእሱ ሥር ተጫውቶ፣ እዚያው ረዳት ሆኖ የሠራው ማይክ ብሬይ ደግሞ ወደ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተሻግሮ ኋላ የኖተርዳም ዋና አሰልጣኝ ሆኗል።

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ አሰልጣኞች ብዙዎቹ መምህራን ናቸው። የአሰልጣኝነቱ ክፍያ በመምህርነቱ ላይ የሚጨመር እንጂ ራሱን የቻለ ደመወዝ አይደለም። በዚህ ምክንያት ከመንገዶቹ ሁሉ ቤተሰብ ላለው ሰው የሚመቸው ይህ ነው። ሥራ አለ፣ ጡረታ አለ፣ ምሽት ላይ ደግሞ የራስ ቡድን አለ። ወላጆቻችን "ኳስ ምን ይሆንልሃል፣ ትምህርትህን ተማር" ሲሉ እዚህ ሁለቱም በአንድ ላይ መገኘቱን ማስረዳት ይቻላል።

ኮሌጅ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። ብራድ ስቲቨንስ በ2000 ኢላይ ሊሊ የተባለውን ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ ሥራውን ትቶ በትለር ዩኒቨርሲቲ ያለ ደመወዝ ሊያገለግል ሄደ። በ2007፣ በ30 ዓመቱ፣ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ያን የማይታወቅ ኮሌጅ በ2010 እና በ2011 በተከታታይ ለፍጻሜ አደረሰ። የ2010ውን ፍጻሜ በዱክ የተሸነፈው 61 ለ59 ነው። በ2013 ቦስተን ሴልቲክስ ወሰደው።

ማርክ ዳግኖልት ኮሌጅ ገብቶ ለቡድኑ አልተጫወተም። በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ረዳት ነበር፤ ውሃና ፎጣ የሚያቀርበው፣ ኳስ የሚሰበስበው ልጅ ማለት ነው። ከዚያ በሆሊ ክሮስና በፍሎሪዳ በትንንሽ የሥራ መደቦች ቆየ። በ2014 የኦክላሆማ ሲቲን የጂ ሊግ ቡድን ያዘ። በ2020 ዋናውን ቡድን ተረከበ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውጤት 22 ድልና 50 ሽንፈት፣ ከዚያም 24 ድልና 58 ሽንፈት ነበር። በ2025 ግን 68 ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ክለብ ብርቅ ነው። ስለዚህ የዳግኖልትን ታሪክ ስታነቡ የአሰልጣኙን ያህል የክለቡንም ድርሻ አስቡ።

ከሁሉም በላይ ግን ደጋግሜ የማስበው ግሬግ ፖፖቪችን ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ምሩቅ ነው። በ1979 ፖሞና-ፒትዘር የሚባል፣ ለስፖርት ስኮላርሺፕ የማይሰጥ የካሊፎርኒያ ትንሽ ኮሌጅ ያዘ። የመጀመሪያ ዓመቱ 2 ድልና 22 ሽንፈት ሆነ። አልተባረረም፣ አልሸሸምም። ቀስ በቀስ ቡድኑን አሻሻለ። የአንድ ዓመት ፈቃድ ሲያገኝ ለእረፍት አልሄደም፤ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የዚያን ቡድን አሰልጣኝ የላሪ ብራውንን አሠራር ሲከታተል ከረመ። ብራውን በ1988 ሳን አንቶኒዮን ሲይዝ አብሮ ወሰደው። ዋና አሰልጣኝ የሆነው በ1996 ነው። አምስት ዋንጫ ወስዶ፣ በ2025 ከአሰልጣኝነት ሲለቅ 1,390 የመደበኛ ውድድር ድል ይዞ የኤንቢኤ ክብረ ወሰን ባለቤት ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ እወስዳለሁ። ስህተቱ ዋጋ በማያስከፍልበት ቦታ ራሱ ሲወስን ኖረ። ከዚያ ሄዶ ከእሱ የሚበልጥ ሰው ሲሠራ አየ። ሁለቱን ያጣመረ መንገድ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። በ2024 ቦስተንን ሻምፒዮን ያደረገው ጆ ማዙላም ወደ ሴልቲክስ ረዳትነት ከመምጣቱ በፊት ከ2017 እስከ 2019 ፌርሞንት ስቴት የተባለ የሁለተኛ እርከን ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ነበር።

ጂ ሊግ፤ ትንሹ ግን ፈታኙ ሊግ

ጂ ሊግን ለብቻው የማነሳው ዛሬ የኤንቢኤ ክለቦች አሰልጣኝ የሚያበስሉበት ቦታ ስለሆነ ነው። ዳግኖልት አምስት ዓመት እዚያ ሠርቷል። የሚኒሶታው ክሪስ ፊንች በ2010 እዚያ ዋንጫ ወስዷል። ኒክ ነርስ በ2011 እና በ2013 ከሁለት ቡድን ጋር አሸንፏል።

እንዲህ ያለ የሥራ ችግር ሌላ ቦታ አይገኝም። ምርጥ ተጫዋቻችሁ ከሰዓት በፊት ወደ ኤንቢኤ ይጠራል፤ ማታ ጨዋታ አለ። የተቀረው ተጫዋች በሙሉ የራሱን ቁጥር ማሳመር ይፈልጋል፤ ያን ሲያደርግ ነው የሚጠራው። እናንተ ደግሞ "ኳሷን አካፍል" ትላላችሁ። የላይኛው ክለብ የእሱን አጨዋወት እንድታስተምሩ ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማሸነፍ የቻለ አሰልጣኝ የሰው አያያዝ ያውቃል ማለት ነው። ደመወዙ ከኤንቢኤ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለሙያ ግን ከቪዲዮ ክፍልም፣ ከትልቅ ኮሌጅ ረዳትነትም አስበልጠዋለሁ።

ባሕር ማዶ

ኒክ ነርስ በ23 ዓመቱ አዮዋ ውስጥ ግራንድ ቪው የተባለ ትንሽ ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያ እንግሊዝ ሄደ። በርሚንግሃም፣ ለንደን፣ ብራይተን እየተዘዋወረ ለዓመታት ሠራ። የእንግሊዝ ቅርጫት ኳስ ገንዘብ የለውም፤ ተመልካቹም ከእግር ኳስ የተረፈው ነው። በ2013 የቶሮንቶ ረዳት ሆነ። በ2018 ዋናው። በ2019 በ51 ዓመቱ ቶሮንቶን የኤንቢኤ ሻምፒዮን አደረገ። ፊንችም ሼፊልድ ውስጥ ተጫውቶ እዚያው ማሰልጠን የጀመረ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አውሮፓን እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ማየት ተገቢ አይደለም። ዤልኮ ኦብራዶቪች በ1991 መጫወት አቁሞ ፓርቲዛን ቤልግሬድን ያዘ፤ በ1992 የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገው። ፓርቲዛንን ጨምሮ በአምስት ክለቦች በጠቅላላው 9 የአውሮፓ ሻምፒዮንነት ዋንጫ ሰበሰበ። ኤንቢኤ ውስጥ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሳይሠራ የዘመኑ ታላቅ አሰልጣኝ የሚሉት ብዙ ናቸው። እኔም አንዱ ነኝ።

አውሮፓ ከአሜሪካ የሚለየው በፈቃድ ነው። በአሜሪካ የኤንቢኤ አሰልጣኝ ለመሆን የሚጠየቅ የትምህርት ማስረጃ የለም፤ የሚያውቅህ ሰው ነው ዋናው። በአውሮፓ ግን ኮርስ ተወስዶ፣ ፈተና ታልፎ፣ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ጀርመን ውስጥ ሲ፣ ቢ እና ኤ የሚባሉ ፈቃዶች አሉ። ለስደተኛ ልጅ ይህ ሥርዓት ጥቅም አለው። ማንም ባያውቃችሁ ወረቀቱ ይናገርላችኋል። የአካባቢ ክለቦች ደግሞ የታዳጊ አሰልጣኝ ሁልጊዜ ይፈልጋሉ። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ፣ የአገሩን ቋንቋ የምትችሉ ከሆነ፣ ከታዳጊዎች ጀምሮ መውጣት ከምታስቡት በላይ ክፍት ነው።

እስራኤል ላሉ አንባቢዎችም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። የአሰልጣኝነት ትምህርት ከሚሰጥባቸው ቦታዎች ዋነኛው በኔታንያ አቅራቢያ ያለው የዊንጌት ተቋም ነው። ስሙ ለእኛ ጆሮ አዲስ አይደለም። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በ1941 በጎጃም በኩል የገባውን የጦር መሪ ኦርድ ዊንጌትን መታሰቢያ ያደረገ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የዊንጌት ትምህርት ቤትም በእሱ ስም ነው የተሰየመው።

ዴቪድ ብላት የእስራኤልን መንገድ ጫፍም አደጋም አሳይቷል። አሜሪካ ተወልዶ እስራኤል ተጫወተ፣ እዚያው አሰለጠነ። የሩሲያን ብሔራዊ ቡድን በ2007 የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገ። በ2014 ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር የአውሮፓ ክለቦችን ከፍተኛ ውድድር ዩሮሊግን ወሰደ። በዚያው ዓመት ክሊቭላንድ ቀጠረው። ወዲያው ኮከቡ ሌብሮን ጄምስ ወደ ክለቡ ተመለሰ፤ ለታዳጊ ቡድን ግንባታ የመጣው ሰው ዋንጫ የሚጠበቅበት ሆነ። በ2015 ለፍጻሜ አደረሰ። በ2016 ጥር፣ 30 አሸንፎ 11 ተሸንፎ እየመራ ሳለ አሰናበቱት።

የአህጉራችን መንገድ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ "አሜሪካና አውሮፓ ለእኛ ምን ይረባናል?" ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ። ቪዛ ማግኘት ራሱን የቻለ ትግል ነው። ስለዚህ ቅርቡን እንይ።

ሊዝ ሚልስ አውስትራሊያዊት ናት። አፍሪካ መጥታ ከአገር ወደ አገር ሠራች። የኬንያን የወንዶች ብሔራዊ ቡድን ይዛ በ2021 በማጣሪያው አንጎላን አሸነፈች። አንጎላ የአፍሪካን ዋንጫ ከሁሉም አገር አብልጣ ያነሳች መሆኗን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደከበደ ይገባዋል። ኬንያ ከ1993 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች ውድድር ወደሆነው አፍሮባስኬት ገባች። ሚልስም በዚያ ውድድር የወንዶች ቡድን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2022 ደግሞ የሞሮኮውን ኤኤስ ሳሌን በአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ መራች።

ደቡብ ሱዳን ከዚህም ያስደንቃል። በኤንቢኤ የተጫወተው የአገሩ ልጅ ሉዋል ዴንግ ፌዴሬሽኑን ያዘ፤ የቀድሞ የኤንቢኤ ተጫዋች ሮያል አይቪ አሰለጠነ። አይቪ በዓመቱ ሥራው የሂውስተን ሮኬትስ ረዳት ነበር፤ ብሔራዊ ቡድኑን ይመራ የነበረው የኤንቢኤ ውድድር በሚያርፍበት ወቅት ነው። በ2023 የዓለም ዋንጫ ገቡ። በ2024 ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፉ። ከኦሊምፒኩ በፊት ለንደን ላይ አሜሪካን ያስጨነቁበት ጨዋታ ያለቀው 101 ለ100 ነው። የረዳትነትን ደመወዝ ከዋና አሰልጣኝነት ልምድ ጋር እንዴት ማጣመር እንደሚቻል አይቪ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የአህጉሪቱ መንገድ ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ 15 ዓመት የሚጠብቅ ሰው እዚህ በአምስት ዓመት ውስጥ ብሔራዊ ቡድን ሊይዝ ይችላል። ጉዳቱ ደግሞ ገንዘቡና መሰናዶው ነው። ለማጣሪያ ጨዋታ ተጫዋቾች የሚሰበሰቡት ለጥቂት ቀናት ነው። የአውሮፕላን ትኬት ይዘገያል። አሰልጣኙ የልምምድ ማሊያ ፈላጊም፣ አስተርጓሚም፣ አባትም ይሆናል። ይህን የሚወድ ሰው ብቻ ይግባበት።

እንደ እኔ ከሆነ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ያለ ወጣት የሚከተለውን ቢያደርግ ይበጀዋል። ዛሬውኑ አንድ የትምህርት ቤት ወይም የሰፈር ቡድን ይያዝ፤ የሴቶች ቡድን ቢሆን ደግሞ የበለጠ ተፈላጊ ነው። በፌዴሬሽኑ በኩል የሚሰጥ የፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ኮርስ ሲመጣ አያምልጠው፤ በፊባ ውድድር ላይ ቡድን ለመምራት ፈቃድ ይጠየቃል። የፊባ አሰልጣኞች ማኅበር ያዘጋጀው ባለ ሦስት ደረጃ የሥልጠና መመሪያ ኢንተርኔት ላይ አለ። ሙሉ የአፍሮባስኬት ጨዋታዎች በፊባ ዩቲዩብ ይገኛሉ፤ እነሱን እየቆረጡ መለማመድ የቪዲዮ ክፍሉን ሥራ ያለ ቪዛ መማር ነው። እንግሊዝኛ ግድ ነው። ፈረንሳይኛ ቢጨመርበት ግማሹ አፍሪካ ይከፈታል።

ሴት አሰልጣኞች

ቤኪ ሃሞን በ2013 ጉልበቷ ተጎድቶ ሳትጫወት ስትቀር የሳን አንቶኒዮን ልምምድ ስትከታተል ከረመች። በ2014 ፖፖቪች ረዳቱ አደረጋት። በኤንቢኤ ለዋናው ወንበር ለዓመታት ስሟ ተነሳ፤ አልተሰጣትም። በ2022 ወደ ላስ ቬጋስ ኤሲስ ሄዳ በዚያው ዓመት፣ በ2023 እና በ2025 ዋንጫ ወሰደች። እኔ ይህን ውሳኔዋን እንደ ማፈግፈግ አላየውም። የተዘጋ በር ላይ ከመቆም የራሷን ቡድን ይዛ አሸነፈች። ለሴት ጀማሪዎችም ምክሬ ይኸው ነው። ቶሎ ዋና አሰልጣኝ የሚያደርጋችሁን ቦታ አስቀድሙ።

ገንዘብና መባረር

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ትባረራላችሁ። የሙያው አንድ ክፍል ነው። ልዩነቱ ተባርራችሁ በምን ትኖራላችሁ የሚለው ላይ ነው። ሞንቲ ዊልያምስ በ2023 ከዲትሮይት ጋር የ6 ዓመት፣ 78.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። 14 አሸንፎ 68 ተሸነፈ፤ በ2024 አሰናበቱት። ኤንቢኤ ውስጥ ቀሪው ውል ስለሚከፈል ቤቱ አልፈረሰም። ኮሌጅ ውስጥ የዋናው አሰልጣኝ ውል ብዙ ጊዜ የመሰናበቻ ክፍያ አለው፤ የረዳቶቹ ግን ቀጭን ነው። መምህር የሆነ አሰልጣኝ ቡድኑን ቢነጠቅ ክፍሉ ይቀርለታል። በአውሮፓና በአፍሪካ ትንንሽ ክለቦች ግን ውሉ እያለም ደመወዝ ሦስትና አራት ወር ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ባሕር ማዶ ውል ስትፈርሙ አንድ ነገር ፈልጉ። ፊባ በ2007 ያቋቋመው፣ ባት በሚል ምሕጻር የሚታወቅ የቅርጫት ኳስ የግልግል ፍርድ ቤት ጄኔቭ ውስጥ አለ። የተጫዋቾችንና የአሰልጣኞችን የክፍያ ክርክር ያያል። የሚያየው ግን ውሉ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ለእሱ ለመዳኘት የተስማሙበት አንቀጽ ካለ ነው። ክለቡ አንቀጹን አላስገባም ካለ ምክንያቱን ጠይቁ። ደመወዙ በየትኛው ቀን፣ በምን ገንዘብ፣ ከግብር በፊት ወይስ በኋላ እንደሚከፈል በጽሑፍ ይስፈር። ቤትና የመመለሻ ትኬትም በቃል ሳይሆን በወረቀት ይሁን።